ያነበቡትን መጽሐፍ ለሌላ አንባቢ ማድረስ፦ ከእርሳስ ምልክት እስከ ቴሌግራም ቻናል

ስለ መጽሐፍ በሚወራባቸው የቴሌግራም ቻናሎችና የፌስቡክ ገጾች ላይ በብዛት የሚታየው ልጥፍ አንድ ዓይነት ነው። የሽፋን ፎቶ፣ ከጎኑ የቡና ስኒ፣ ከሥሩ «ግሩም መጽሐፍ ነው፤ አንብቡት» የምትል መስመር። ልብ የሚሰጠው ብዙ ነው፣ መጽሐፉን ፍለጋ የሚወጣ ግን ጥቂት ነው። አይፈረድበትም። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ፣ ለእሱ ዓይነት አንባቢ ይሁን አይሁን፣ የትኛው እትም እንደሆነና የት እንደሚገኝ የነገረው የለም። ይህን ሁሉ ደግሞ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ስልክ ይዞ ማስታወስ አይሆንም። ጥሩ ጥቆማ የሚሠራው ገና ሲነበብ ስለሆነ ከእርሳሱ እንጀምራለን።

እርሳስና ካርድ

ዕቃው ጥቂት ነው፤ አንድ እርሳስና አንድ ካርድ። ካርዱን ለማዘጋጀት ወፈር ያለ ኤ-4 ወረቀት ለአራት ቁረጡ፤ አንዱ ቁራጭ ለአንድ መጽሐፍ ዕልባትም ማስታወሻም ይሆናል። እርሳሱ ኤችቢ ወይም 2ቢ ይሁን። ከዚያ የለሰለሰው ጥቁረቱ መጽሐፉ ሲዘጋ ወደ ፊት ለፊቱ ገጽ ይሸጋገራል፣ ከዚያ የጠነከረው ደግሞ ወረቀቱን ይሰረጉደዋል። እስክሪብቶና ሃይላይተር ይቅሩ። የብዙዎቹ የሀገር ውስጥ ልብ ወለዶች ወረቀት ስስ በመሆኑ ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ ያልፋል፤ በኋላ መጽሐፉን ለማዋስ ወይም ለመሸጥ ቢፈለግም ያስነውረዋል።

ገጹ ላይ ረጅም መስመር ማስመር አያስፈልግም። ዳር ላይ ትንሽ ጭረት፣ ካርዱ ላይ ደግሞ የገጹ ቁጥርና አንድ ምልክት ይበቃል። ለሚያምር ዐረፍተ ነገር ቃለ አጋኖ፣ ላልገባ ወይም ላላሳመነ ነገር የጥያቄ ምልክት፣ አዲስ ሰው ሲገባ «ሰ»፣ ለፊደል ግድፈት «ግ»። ለ300 ገጽ መጽሐፍ ከ15 እስከ 25 ምልክት ደህና ነው። ከ40 ካለፈ ምርጫው ቀርቶ ቅጂ ሆኗል፤ በኋላ ስትመለሱበት ከየትኛው መጀመር እንዳለባችሁ ይጠፋችኋል።

«ሰ»ን አትናቋት። በአማርኛ ልብ ወለድ፣ በተለይ ዘመኑ የቆየ ከሆነ፣ አንድ ሰው በሦስትና በአራት ስም ይመጣል፤ በማዕረጉ፣ በክርስትና ስሙ፣ በቤት ስሙ፣ አንዳንዴም «አባ» ብሎ በሚጀምር የፈረስ ስሙ። ገጽ 20 ላይ በፈረስ ስሙ የተጠራው ሰው ገጽ 140 ላይ በማዕረጉ ሲመጣ ሌላ ሰው የሚመስለው አንባቢ ሞልቷል። ካርዱ ጀርባ ላይ ስሞቹን በአንድ መስመር አያይዛችሁ ብትጽፉ ንባቡም ይቀላል፣ ጥቆማ ስትጽፉም ስም አታምታቱም።

ሰው ሁሉ የሚዘለው ሌላ ልማድም አለ። ለዕለቱ ማንበብ ባቆማችሁ ቁጥር «ቀጥሎ ምን ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መስመር መልስ ጻፉ። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ሁላችንም መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያወቅነው ይመስለናል፤ መጽሐፉ የት ቦታ እንዳታለለን፣ የት እንዳሰለቸን፣ የት ልብ እንደሰቀለን የሚመሰክረው ያ መስመር ብቻ ነው።

አዲስ መጽሐፍ ስትከፍቱ መሐሉን ገንጥላችሁ አትጠፍጥፉት። አብዛኛው በኮላ ብቻ የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ ስላልሆነ ኮላው ይሰነጠቅና ከመሐል ያሉት ቅጠሎች አንድ በአንድ መርገፍ ይጀምራሉ። የመጠረዣውን በኩል ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፣ ከፊት 10 ቅጠል ያህል አስተኝታችሁ በጣት ዳብሱት፣ ከኋላም እንዲሁ፣ እያፈራረቃችሁ ወደ መሐል ድረሱ። የረገፈ ቅጠል ካለ ፕላስተር አታድርጉበት፤ እያደር ይደርቅና ወረቀቱን ያቢጫል። ነጭ ኮላ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ፣ በጣም ቀጭን አድርጎ ጠርዙን መቀባት፣ ቅጠሉን ወደ ቦታው አስገብቶ ሌሊቱን ክብደት መጫን ይሻላል። ኮላው ከበዛ ጎረቤት ገጾችን ያጣብቃል።

የመጽሐፉ መታወቂያ

ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ካርዱ ላይ እነዚህ ይስፈሩ፦ ሙሉ ርዕስ፣ የደራሲው ስም ከነአባቱ፣ ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስም፣ እትሙ ስንተኛ እንደሆነ፣ የታተመበት ዓመት፣ ማተሚያ ቤቱና አሳታሚው፣ የገጽ ብዛት፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዋጋና የተገዛበት ዋጋ። ርዕሱን ከፊት ሽፋን አትቅዱ። ሽፋን ላይ ለጌጥ ተብሎ ፊደል ይዘላል፣ ንዑስ ርዕስም ይቀራል፤ ትክክለኛው ከውስጥ የርዕሱ ገጽ ላይ ነው። የተርጓሚን ስም መዝለል ደግሞ በአማርኛ ልጥፎች ዘንድ እንደ ነውር መታየት ሲገባው የተለመደ ሆኗል። በአማርኛ ያነበባችሁት ቃል ሁሉ የተርጓሚው ነው።

«ሁለተኛ እትም» የሚለውን ተጠንቅቃችሁ እዩ። አንዳንዴ ደራሲው አርሞ፣ ምዕራፍ ጨምሮ ያወጣው ነው፤ አንዳንዴ ያው ድጋሚ የታተመ ነው። ልዩነቱን የሚነግራችሁ መግቢያው ነው። ለሁለተኛው እትም የተጻፈ አዲስ መቅድም ካለ በአብዛኛው ምን እንደተለወጠ ይናገራል። የፊደሉ መጠን ሲቀየር የገጽ ቁጥሩም ስለሚቀየር፣ እትሙን ሳይጠቅሱ «ገጽ 87 ላይ» ማለት ሌላ እትም ለያዘ ሰው አይጠቅምም።

ከመንገድ ዳር ስትገዙ የተሰረቀ ቅጂ እንዳይሆን ሦስት ነገር ተመልከቱ። የሽፋኑ ሥዕል ከሥዕል ላይ የተነሣ ፎቶ ይመስል የደበዘዘ ነው? የገጾቹ ኅዳግ በአንድ በኩል ጠቦ በሌላው ሰፍቷል፣ መስመሩስ ዘሟል? ጥቁረቱ ከገጽ ገጽ ይለዋወጣል? ሁለቱ ከተገጣጠሙ ቅጂ ነው ብላችሁ ተዉት። ከቅጂ ላይ የተነሣ ፎቶ ይዞ መጽሐፉን ማስተዋወቅ ደራሲውን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው።

ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ከሆነም ጥቆማው ዋጋ አለው፤ የት እንደሚነበብ ከተነገረ። አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሀገር ውስጥ የሚታተሙ ሥራዎች ቅጂ የሚቀመጥበት ነው፤ ቆየት ላሉት ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ያገኛል፤ የአንባቢ ካርድ የሚሰጠው በነጻ ነው፣ መጽሐፍ ይዞ መውጣት ግን አይቻልም።

ጽሑፉ

መቼ ይጻፍ? መጽሐፉ ባለቀበት ሌሊት ሦስት መስመር ስሜት ካርዱ ላይ ይስፈር፤ ልጥፉ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ይጻፍ። የዚያኑ ሌሊት የተጻፈ ሁሉ «እንደዚህ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም» ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ስሙና ቦታው ተምታቶ የጀርባ ሽፋኑን መገልበጥ ይመጣል፤ የጀርባ ሽፋን ደግሞ የሻጭ ቃል እንጂ የአንባቢ ቃል አይደለም።

ርዝመቱን በከፊል የሚወስነው ቴሌግራም ነው። ከፎቶ ሥር የሚሄድ ጽሑፍ ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ እስከ 1024 ፊደል ብቻ ይፈቀድለታል፤ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። በአማርኛ ከ180 እስከ 200 ቃል ገደማ ነው። ካለፈ መላኩን ይከለክላችኋል፤ ያኔ ተቻኩሎ የሚቆረጠው ሁልጊዜ መጨረሻው፣ ማለትም የት ይገኛል የሚለው መስመር ነው። ስለዚህ በ150 ቃል ለመጨረስ ጻፉ። ፎቶ የሌለው መልእክት እስከ 4096 ፊደል ስለሚይዝ ረዘም ያለ ዳሰሳ ከሆነ ፎቶውን አስቀድሞ፣ ጽሑፉን ለብቻ አስከትሎ መላክ ይቻላል።

150 ቃል ውስጥ አራት ነገር መግባት አለበት፦ ታሪኩ የት፣ መቼ፣ በማን ላይ እንደሚያርፍ፤ መጽሐፉ ከሌላው በምን እንደሚለይ፤ ለማን እንደማይሆን፤ የት በስንት እንደሚገኝ። ሁሉም ሰው በሚያውቀው መጽሐፍ እንየው፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»።

«ጎጃም ውስጥ፣ ባላባት እንደልቡ በሚያዝበት ዘመን፣ በቅኔ የበሰለ የድሃ ገበሬ ልጅ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ እንዲያስተምር ይገባል። የፍቅር ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙው ክፍል ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ስለ ትውልድ ቆጠራና ስለ ጋብቻ ነው። ጉዱ ካሳ የሚናገርባቸውን ገጾች ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ መነሻው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ከመጀመሪያው ገጽ ሩጫ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።»

ከዚህ ሥር እትሙ፣ ዋጋውና ቦታው ይከተላል። ልብ በሉ፣ «ድንቅ»፣ «ምርጥ»፣ «መሳጭ» የሚል ቃል የለበትም። «ለማን አይሆንም» የሚለውን ብዙ ሰው መጻፍ ይፈራል፤ ሆኖም አንባቢ የሚያምነው ያንን መስመር ነው። ሁሉን መጽሐፍ ለሁሉ ሰው የሚያቀርብ ቻናል ውሎ አድሮ እንደ ማስታወቂያ ይታያል።

መጨረሻውን ስለ ማውጣት ደግሞ፣ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ሲሶ አልፎ የሚሆነውን ነገር አትንገሩ። ከላይ ያለው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ መጨረሻውን ይጠቁማል፤ ቢሆንም አካሄዱ ላልደረሰበት አንባቢ ይተውለት። አስተያየት ውስጥ መጨረሻውን የሚዘረግፍ ሰው አይጠፋምና ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ የሚሸፍነውን አማራጭ አሳዩት፤ ቃሉን መርጦ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ከማድመቂያው ጋር ተደርድሮ ይገኛል፣ የተሸፈነውን የሚያየው የነካው ሰው ብቻ ነው።

ጥቅስ ስትወስዱ ከሦስት መስመር አይብለጥ፤ የገጽ ፎቶ ከመለጠፍም ተጽፎ ይቅረብ። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይወጣም፣ ማየት የተሳነው ሰው የሚጠቀምበት አንባቢ መተግበሪያም አያነበውም። የደራሲውን አጻጻፍ እንዳለ አስቀምጡ። እሱ «ዓለም» ካለ «አለም» አትበሉት፣ «ጸሐይ» ካለም ወደ «ፀሐይ» አትለውጡት። የዓረፍተ ነገር መዝጊያውን አራት ነጥብ ከራሱ ቁልፍ አውጡ። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ አራት ነጥብ ያስመሰሉ ሰዎች፣ መስመር ሲያልቅ ግማሹ ነጥብ ተገንጥሎ ቀጣዩ መስመር መነሻ ላይ ሲወድቅ ያዩታል።

ፎቶው

ብዙ የሚባልለት አይደለም። የብዙ መጽሐፍ ሽፋን በፕላስቲክ ስለተለበጠ ያብለጨልጫል፤ ፍላሽ ካበራችሁ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ርዕሱ ላይ። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት ከ10 በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ ከጎን ሆኖ ማንሣት ይበቃል። በተቃራኒው በኩል ነጭ ወረቀት ብታቆሙ ጥላው ይለዝባል። የስልኩን ሌንስ በጨርቅ ጥረጉ፤ ከሌንሱ ቅባት የሚመጣውን ጭጋግ ማስተካከያ መተግበሪያ አያወጣውም። ከላይ ሆናችሁ ስታነሡ ስልኩ ካዘነበለ መጽሐፉ አንድ ጫፉ የሰፋ ይሆናል፤ ካሜራው ላይ ያሉትን የመስመር መመሪያዎች አብሩና ከጠርዙ ጋር አስተያዩ። ሁለተኛ ፎቶ ካስፈለገ የርዕሱ ገጽ ይሁን፤ ለገዢ ከአበባና ከሻማ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

በፍለጋ እንዲገኝ

የአማርኛ ልጥፍ ከስድስት ወር በኋላ የማይገኝበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሆሄ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ሀዲስ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ሐዲስ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። መፍትሔው አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ እሱም መጽሐፉ ላይ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ በሃሽታጉ ሁልጊዜ ያንኑ መጠቀም፣ ከልጥፉ ግርጌ ደግሞ ሌላውን የተለመደ አጻጻፍ አንድ ጊዜ ማስገባት ነው። ከነአማራጭ አጻጻፉ የደራሲዎች ዝርዝር አዘጋጅታችሁ በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ (ለራሳችሁ ብቻ በሚታይ ማስቀመጫ) ውስጥ ብታስቀምጡ በየጊዜው ከማሰብ ያድናል።

ሁለተኛው ጣጣ መነሻ ቅጥያ ነው። በአማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ፤ የቴሌግራም ፍለጋ ደግሞ ቃልን ከመነሻው ጀምሮ ስለሚያመሳክር «የአዳም» ተብሎ የተጻፈውን «አዳም» ብሎ የፈለገ ሰው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ርዕሱም የደራሲው ስምም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቅጥያ ሳይኖራቸው ለብቻቸው መስመር ይያዙ። የልጥፉ የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች ርዕስና ደራሲ ብቻ ቢሆኑ ይህ ራሱ ይፈታል።

ሃሽታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ከመጀመሪያው ቃል ላይ ይቆረጣል፤ ቃላቱን በሰረዝ ሳይሆን በታች መስመር አያይዙ፣ #አጭር_ልብወለድ፣ #ታሪክ፣ #ትርጉም፣ #ግጥም እንደሚባለው። ከስድስት ወይም ከሰባት ዓይነት በላይ አታብዙ፤ እያንዳንዱ ልጥፍ የራሱ ሃሽታግ ካለው ሃሽታግ የለም ማለት ነው። ዝርዝሩን በአንድ መልእክት ጽፋችሁ ቻናሉ አናት ላይ ብትሰኩት አዲስ የመጣ ሰው ከላይ ተጭኖ የሚፈልገውን ዘርፍ ያገኛል።

«ፒዲኤፉን ላኩልን»

ስለ መጽሐፍ የጻፈ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያገኛል፤ ብዙ ቻናል የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ የአማርኛ ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ወይም ተበድሮ ባገኘው ገንዘብ ነው፤ አንድ ስካን የተደረገ ፋይል ሲሰራጭ የሚከስረው እሱ ራሱ ነው እንጂ ሌላ ድርጅት የለም። ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ1996 ዓ.ም. ያረፉት ሀዲስ ዓለማየሁ ሥራቸው ገና ብዙ ዓመት ጥበቃ አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ የእሳቸው ዘመን አልፏል፤ ይሁንና በቅርብ ከታተመ እትም ላይ ስካን ብታደርጉ የአዘጋጁ መቅድምና የግርጌ ማስታወሻ የራሱ መብት እንዳለው አትርሱ። አጭር ጥቅስ ከነምንጩና ከነደራሲው ስም መውሰድን አዋጁ ይፈቅዳል፤ ምዕራፍ ሙሉ አንብቦ በድምፅ መልቀቅ ግን ጥቅስ አይባልም። ደራሲውን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በደስታ ይፈቅዳሉ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙት።

በድምፅ የምታነቡ ከሆነ የአንድ መደበኛ ልብ ወለድ ገጽ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል። ለናሙና ሁለት ገጽ በቂ ነው። መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ» እና «ፐ» ላይ ትንፋሹ ይፈነዳል። በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ልብ ወለድ የሰማ አድማጭ ሚዛኑ ከፍ ያለ ነውና ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ ሳትለማመዱ አትቅዱ።

ለ«ፒዲኤፍ» ጥያቄ ዝም አትበሉ፣ አትቆጡም። የተዘጋጀ መልስ ይኑራችሁ፦ በየትኛው ከተማ የት ይሸጣል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ደራሲው በቀጥታ ይልክ እንደሆነ፣ በድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያ ላይ ካለ የትኛው ላይ። ውጭ ሀገር ላለ ሰው ከመጽሐፉ ዋጋ ይልቅ መላኪያው ስለሚከብድ ሦስት አራት ሰው ተባብሮ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ማስያዝ የተለመደው መንገድ ነው። እንደ ልቡ ጥቅል የሚይዝ ተጓዥ የለምና የመጽሐፉን ክብደት መጻፍ ከምታስቡት በላይ ይረዳል፤ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ያልወደዱትን መጽሐፍ መጻፍ

የአማርኛ የመጻሕፍት ዓለም ጠባብ ነው፤ ደራሲው ልጥፉን ያነበዋል ብላችሁ ጻፉ። ይህ ማለት ማለስለስ ማለት አይደለም፣ ማስረጃ መያዝ ነው። «አሰልቺ ነው» ከማለት «ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ታሪኩ ቆሞ የጸሐፊው ሐተታ ነው የሚናገረው» ማለት ይሻላል፤ ሐተታ የሚወድ አንባቢ እንዲያውም በዚሁ ምክንያት ይገዛዋል። የፊደል ግድፈት ከበዛ ካርዱ ላይ ያለው «ግ» ይቁጠር፦ «በ200 ገጽ 30 ግድፈት» ቅሬታ ነው፣ «ስሕተት በስሕተት ነው» ስድብ ነው። የገጽ መገልበጥ፣ የጎደለ ቅጠልና የደበዘዘ ቀለም የማተሚያ ቤት ጉድለት ስለሆነ በደራሲው ላይ አይጫን። መጽሐፉን በስጦታ ከደራሲው ያገኛችሁት ከሆነ ልጥፉ ላይ ይገለጽ። ግማሹ ላይ የተዋችሁት መጽሐፍም ሊጻፍ ይችላል፣ እስከ ስንተኛው ገጽ እንደደረሳችሁ እስከተናገራችሁ ድረስ።

አብሮ ማንበብ

ቻናሉ ላይ የውይይት ግሩፕ ካያያዛችሁ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር አስተያየት መስጫ ይከፈታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ መጽሐፍ መርጦ አብሮ ማንበብ ነው። ለ400 ገጽ መጽሐፍ በሳምንት 50 ገጽ፣ ስምንት ሳምንት ያህል ያዙለት። በሳምንት 100 ገጽ እናነባለን ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይበተናሉ፤ የቀረ ሰው ያፍርና ዝም ብሎ ይወጣል። የሳምንቱን ማቆሚያ በገጽ ሳይሆን በምዕራፍ ወስኑ፣ የሰዎች እትም አንድ አይደለምና። ምርጫውን ለድምፅ ስታቀርቡ ከአራት መጽሐፍ አታብልጡ፣ አራቱም ገበያ ላይ መኖራቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አሸናፊው መጽሐፍ የትም ከሌለ ስካን ፍለጋው ይጀመራል።

የቀጥታ ውይይት ሰዓት ትልቁ መደናገሪያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማታ 2 ሰዓት የምትሉት በውጭው አቆጣጠር 20:00 ነው። በዚያው ቅጽበት ሪያድ 20:00፣ ዱባይ 21:00 ነው፤ እነዚህ ዓመቱን ሙሉ አይለወጡም። ቴል አቪቭ በበጋቸው 20:00፣ በክረምታቸው 19:00፤ ፍራንክፈርት 19:00 ወይም 18:00፤ ዋሽንግተን 13:00 ወይም 12:00 ይሆናል። ስለዚህ «ማታ 2 ሰዓት» ብቻ አትጻፉ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ ከነከተማው አስፍሩ። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ሰዓታቸውን በሚቀይሩባቸው ሁለት ወቅቶች፣ በመጋቢት አካባቢና በጥቅምት አካባቢ፣ እንደገና አስታውሱ፤ አሜሪካና አውሮፓ በአንድ ቀን ስለማይቀይሩ ለጥቂት ሳምንታት ልዩነታቸውም ይዛባል። ሥራ ላይ ላለ ሰው የውይይቱን የድምፅ ቅጂ ለቅቃችሁ ተዉለት።

ጉድሪድስ ላይ ማስመዝገብ

የንባብ መዝገብ ለመያዝ ጉድሪድስ የተባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ያመቻል፤ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ወይ የሉም ወይ ሦስት ቦታ ተመዝግበዋል። አዲስ ከመጨመራችሁ በፊት በግእዝ ፊደልም፣ በላቲን ፊደል በሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍም፣ በደራሲውም ፈልጉ። የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ የሆነው የአይኤስቢኤን ቁጥር (የኢትዮጵያው ብዙውን ጊዜ 978-99944 ብሎ ይጀምራል) መጽሐፉ ላይ ካለ በእሱ መፈለግ ፈጣኑ ነው፤ ከሌለው ቦታውን ባዶ ተዉት፣ ከሌላ እትም አትዋሱ። የደራሲውን ስም በተለመደው ቅደም ተከተል ከነአባቱ ጻፉ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ወደ ፊት ከመጣ መጽሐፉ በማይታወቅ ሰው ስም ይገባል።

ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ አታስገቡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለታተመ 7፣ ከዚያ በኋላ ለታተመ 8 ይደመራል። 1958 ዓ.ም. ጥቅምት ከሆነ 1965፣ ሚያዝያ ከሆነ 1966 ነው። ወሩ ካልተጻፈ 8 ደምሩ፤ የዓመቱ አብዛኛው ወር እዚያ ስለሚወድቅ የመሳሳት ዕድሉ ያንሳል።

ቻናሉን ማስጠበቅ

ሁለት ነገር በመጀመሪያው ቀን ይደረግ። የቴሌግራም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ተከፍቶ የይለፍ ቃሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጥ፣ አንድ የምታምኑት ሰው ደግሞ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ይሁን። ሲም ካርድ ሲጠፋ ወይም ሀገር ተቀይሮ የድሮው ቁጥር ሲዘጋ ብዙ ቻናል ባለቤት አልባ የሚቀረው በዚህ ነው። የጻፋችሁትንም በዓመት ሁለት ጊዜ አውርዱ፤ በኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ቻናሉን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ ታሪኩን ወደ ፋይል የሚያወጣ አማራጭ አለ፣ ፎቶዎቹን ጨምሮ አንድ አቃፊ ውስጥ ይሰበስብላችኋል። ካርዶቹን ግን አትጣሉ፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ በደራሲ ስም ፊደል ተራ ይደርደሩ፣ ያን መጽሐፍ ዳግም ስታነቡ አዲሱን ምልክት በሌላ ቀለም እርሳስ እዚያው ላይ ትጨምራላችሁ።